የግል አስተያየቴ ነው

ከምንናገራቸው ነገሮች ሁሉ የሚያስፈራኝ «ይሄ እንግዲህ የግል አስተያየቴ ነው» የሚለው ነው። አንድ ሰው ይህችን ካስቀደመ በኋላ ያሻውን ይላል። የሰው ድካም ያጣጥላል፣ ያላነበበውን መጽሐፍ ይተቻል፣ ያልጨረሰውን ፊልም ይቀብራል። «ኧረ እንዴት?» ብትሉት «አስተያየት ነዋ! አስተያየት ደግሞ መብት ነው» ይላችኋል። መብት መሆኑን ማን ካደ? የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። አስተያየት መብት የመሆኑን ያህል ዕዳም ይኖርበት ይሆን? ጥያቄውን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። እዚሁ ፒያሳ፣ በወሎፍ ቋንቋ በተሠራ አንድ ፊልም ሰበብ፣ ከአንድ ሰው ጋር ያላወራረድኩት ሒሳብ ስላለብኝ ነው።

ወደ ሒሳቡ ከመግባቴ በፊት ስለ ሰፈሬ ጥቂት ልበል። አራዳ ውስጥ ገንዘብ ማጣት ያን ያህል አያሳፍርም፤ አስተያየት ማጣት ግን ያሳፍራል። የአራዳ ልጅ ስለ ሁሉም ነገር የሚለው አለው፤ ስለ ኳሱ፣ ስለ ሚኒስትሩ፣ ስለ ማኪያቶው አረፋ ሳይቀር። «አልገባኝም» ያለ ዕለት ፋራ ተብሎ አረፈው። እንዲያውም ከተማችን ስለ ፊልም አስተያየት መስጠት የጀመረችው ፊልም ከማየቷ በፊት ነው ብል ብዙ ያጋነንኩ አይመስለኝም። ፊልም የሚባል ነገር አዲስ አበባ በገባበት ዘመን የሚታይበትን ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰይሞት ነበር። በጨለማ ክፍል ውስጥ ሥጋ የሌለው ሰው ግድግዳ ላይ ሲሮጥ ማየት ያስደነግጣልና፣ ገብተው አይተው «ሰይጣን ነው» ባሉት አልፈርድም። ያዩትን ነው የተናገሩት። ይበልጥ የሚያሳስቡኝ በበሩ ሳያልፉ ስሙን ብቻ ተቀብለው ለሌላው ያቀበሉት ናቸው። ስሙ ከፊልሙ ፈጥኖ ሄደ። እኛስ ዛሬ ከዚህ የተለየ ምን እንሠራለን?

በልጅነቴ እኛ ሰፈር ፊልም የሚያወራልን አንድ ልጅ ነበር። ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ ኢምፓየር ከቤታችን ሩቅ አልነበሩም፤ ሩቁ የመግቢያው ሳንቲም ነበር። እሱ ግን ሥራ ያለው አጎት ስለነበረው በየሳምንቱ ይገባል። እሁድ ማታ አጥር ሥር ከበነው እንቀመጣለን፤ ቆሎ በእፍኝ እየተቀበለን የሳምንቱን ፊልም ከነድምፁ ይለቅልናል። ጥይቱን በአፉ ይተኩሳል፤ ፈረሱን ጭኑን እየመታ ያስጋልባል። የሕንድ ፊልም ከሆነማ ዘፈኑን ሳይቀር ያዜመዋል፤ ቃሉ የየትኛው አገር ቋንቋ እንደነበረ እግዜር ይወቀው።

ያ ልጅ ግን አንድ አስቸጋሪ ጠባይ ነበረው። ልባችን ሊቆም ሲል ድንገት ያቋርጥና «እዚህ ጋ ሽንቴ መጥቶ ወጣሁ። ስመለስ አባትየው ሞቷል» ይለናል።

«ማነው የገደለው?»

«አላየሁም።»

«ገምታ እንግዲህ!»

«አላየሁም አልኳችሁ እኮ!»

ቆሏችንን መልስ ብለን እንጮህበት ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ከዚያ ልጅ የተሻለ የፊልም ተቺ ያነበብኩ አይመስለኝም። ተኩሱ የራሱ ነው፣ ዘፈኑ የራሱ ነው፣ ማጋነኑም የራሱ ነው። ያላየውን ግን «አላየሁም» ይላል። ይህችን አንዲት ቃል ለማለት እኔ ሃምሳ ዓመት ፈጀብኝ።

ቋንቋ አለማወቅ እንቅፋት እንዳልሆነብንም ልመስክር። ኋላ ሳንቲም ስናገኝ ራሳችን መግባት ጀመርንና «ማዘር ኢንዲያ»ን አየን። በ1957 እ.ኤ.አ. የተሠራ የሕንድ ፊልም ነው። ባሏ ጥሏት የሄደ፣ አራጣ አበዳሪ የሚያስጨንቃት አንዲት ገበሬ ልጆቿን ታሳድጋለች፤ በመጨረሻ የገዛ ልጇ የሰው ልጅ ጠልፎ ሲሄድ፣ የመንደሩን ክብር ከልጇ አስበልጣ በጥይት ትጥለዋለች። ሂንዲ አንድ ቃል የማያውቅ አዳራሽ እንዳለ ይነፈርቅ ነበር። ከጎኔ የነበሩ አንዲት እናት ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው «አይ እናት! አይ እናት!» ይላሉ። ከሥር የሚጻፈውን እንግሊዝኛ ያነበበ ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ። ገባን የምለው ቋንቋውን ስለቻልን አይደለም፤ እስከ መጨረሻው ተቀምጠን ስለጠበቅናት ነው።

አሁን ወደ ሒሳቤ ልመለስ። ጊዜው 1993 ዓ.ም. ነው። ከትምህርት ቤት ጀምሮ አብሮኝ ያደገ አንድ ወዳጅ ነበረኝ። ዝምተኛ ነው። ስለ ራሱ መናገር አይሆንለትም፤ ችግር ሲገጥመው እንኳ «ደህና ነው፣ ደህና ነው» ብሎ የሚያልፍ ዓይነት ሰው። አንድ ቀን ከሥራ መውጫዬ ላይ ጠበቀኝ።

«ዛሬ ፊልም ጋብዤሃለሁ» አለኝ።

«የማን አገር?»

«የሴኔጋል። በወሎፍ ነው፤ ከሥር ይጻፋል።»

ሳቄ መጣ። «አንተ! ወሎፍ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ባለፈው ሳምንት አይቼዋለሁ። ደግሜ ላየው ነው። አንተም እንድታየው ፈልጌ ነው።»

«እንድታየው ፈልጌ ነው» የሚለውን ያን ጊዜ አላጤንኩትም። የማይለምን ሰው መለመኑ ነበር።

ፊልሙ የሚታየው በአንድ የባህል ማዕከል አዳራሽ፣ በነጻ ነው። ስሙ «ማንዳቢ» ይባላል፤ ሐዋላ ማለት ነው። የሠራው ኡስማን ሴምቤን ነው፣ በ1968 እ.ኤ.አ.። ሴምቤን በማርሴይ ወደብ ዕቃ ጫኝና አራጋፊ ሆኖ የሠራ፣ በፈረንሳይኛም ልብ ወለድ የጻፈ ሰው ነው። አብዛኛው የአገሩ ሰው የጻፈውን ማንበብ እንደማይችል ሲረዳ ወደ ፊልም ዞረ፤ ሞስኮ ሄዶም ተማረ። «ማንዳቢ»ን በወሎፍ የሠራው ፊደል ያልቆጠረውም የአገሩ ሰው ያለ አስተርጓሚ እንዲሰማው ብሎ ነው። ይህን ሁሉ ግን ያን ዕለት አላውቅም። ያን ዕለት ያየሁት ይህን ነው። ሸምገል ያለ፣ ሰፊ ቀሚስ የለበሰ አንድ ሰው ደጅ ላይ ተቀምጦ ይላጫል። ላጪው ምላጩን አፍንጫው ድረስ ያስገባል። ሰውየው ቤቱ ይገባል። ሚስቶቹ ምግብ ያቀርቡለታል። ይበላል፣ ይበላል፣ ያገሳል። ከዚያ ይተኛል።

ሠላሳ ደቂቃ የቆየሁ አይመስለኝም። ወደ ወዳጄ ጠጋ ብዬ «ማኪያቶ ልጠጣ፤ ስትጨርስ ና» አልኩና ወጣሁ። ቀና ብሎ አየኝ፤ ምንም አላለም።

እዚያው ፒያሳ፣ ሁሌ የምንቀመጥበት ካፌ ስገባ ጓደኞቻችን ተሰብስበዋል። (ያ ካፌ ዛሬ የለም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ አብሮ ፈርሷል።) «ምን አያችሁ?» አሉኝ። እኔም የአራዳ ልጅ ነኝ፤ ዕድሉን አላሳለፍኩትም። «ሰውየው ይላጫል። ሰውየው ይበላል። ሰውየው ያገሳል። ሰውየው ይተኛል። በወሎፍ!» አልኩ። ካፌው በሳቅ ፈረሰ። ደገምኩላቸው፤ በሁለተኛው ላይ ግሣቱን ጨመርኩበት።

ወዳጄ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ መጣ። ገና ወንበር ሳይስብ አንዱ «እህ፣ ሰውየው ነቃ?» አለው። እንደገና ሳቅ። ወዳጄ ሁላችንንም አየት አየት አደረገና ፈገግ አለ። ከዚያ «አዎ፣ ትንሽ ይረዝማል» አለ። ማኪያቶ አዘዘ። ስለዚያ ፊልም ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አንስቶብኝ አያውቅም።

እኔ ግን ሳነሳው ኖርኩ። ቀልዷ ተዋጣችልኛ! ሰርግ ላይም፣ ለቅሶ ላይም፣ ስለ ፊልም ሲወራ «የአፍሪካ ፊልም አይሆንልኝም፤ አንዴ አንድ ሰውዬ…» እያልኩ እጀምራለሁ። አንድ ጊዜ ፊልም መሥራት የሚመኝ ልጅ የሴምቤንን ስም ሰምቶ ኖሮ ሊጠይቀኝ መጣ። «ጊዜህን አታባክን» አልኩት። ደግሞ እኮ «የግል አስተያየቴ ነው» የምትለዋን አልረሳኋትም።

ወዳጄ በ2009 ዓ.ም. አረፈ። በሠልስቱ ማታ ድንኳን ውስጥ እህቱ አጠገቤ ተቀምጣ የድሮውን ታነሳ ጀመር። «ያን ዓመት እኮ እንዴት ተሠቃየ» አለችኝ። «እማዬ ዓይኗን ልትታከም ወንድማችን ከውጭ ብር ልኮ፣ ስሙ አልገጥም ብሎ ሦስት ወር ሙሉ ተንከራተተ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ውጭ ያለው ወንድም ገንዘቡን የላከው ሁላችንም በምንጠራው በቤት ስሙ ነው። መታወቂያው ላይ የተጻፈው ደግሞ የትምህርት ቤት ስሙ። ገንዘቡን ሊቀበል ሲሄድ «ይሄ አንተ አይደለህም» አሉት። ወረቀት ሊያጽፍ ሲሄድ «አስመስክር» አሉት። ሊያስመሰክር ሲሄድ «ነገ ና»። ነገ ሲሄድ «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው»። አንባቢዬ ይህን መንገድ ያውቀዋልና አላረዝመውም። በዚያ መሐል የእናትየው ቀጠሮ አለፈ።

እህቱ ቀጠለች። «ምስክር አምጣ ሲሉት መጀመሪያ የጠራው እኮ ያንተን ስም ነው። ‹ፊልም አብረን እናይና እነግረዋለሁ› ብሎኝ ነበር። ማታ ሲመለስ ግን ‹ተይው፣ አላስቸግረውም› አለ። የሰፈር ሽማግሌዎች ለምኖ ወሰደ። አልነገረህም እንዴ?»

አልነገረኝም።

ፊልሙን በድጋሚ ያገኘሁት ከዚያ ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው። ጎረቤታችን የሆነ አንድ ወጣት አለ፤ የዓለምን ፊልም ሁሉ በፍላሽ ይዞ የሚዞር። «ማንዳቢ የሚባል ይኖርሃል?» ብለው በማግሥቱ ይዞልኝ መጣ፤ ታድሶ፣ ቀለሙ ፏ ብሎ። ሌሊት ብቻዬን ቁጭ ብዬ አየሁት። ሰውየው ተላጨ። በላ። አገሳ። ተኛ። ከዚያ እኔ ከወጣሁበት ቦታ ቀጠለ።

የሰውየው ስም ኢብራሂማ ዲየንግ ነው። ፓሪስ ጎዳና እየጠረገ የሚኖረው የእህቱ ልጅ 25,000 ፍራንክ ልኮለታል። አብዛኛው ልጁ ሲመለስ የሚጠብቀው ነው፤ ጥቂቱ የእናቱ ነው፤ ለዲየንግ የሚደርሰው 2,000 ብቻ። ፖስታ ቤት ሲሄድ «መታወቂያ» ይሉታል። መታወቂያ ሊያወጣ ሲሄድ የልደት ምስክር ወረቀትና ፎቶግራፍ ይሉታል። የልደት ምስክር ወረቀት ሊያወጣ ሲሄድ የተወለደበትን ቀን ይጠይቁታል፤ እሱ የተወለደበትን ዘመን በግምት እንጂ ቀኑን ከየት ያመጣዋል? ፎቶ አንሺው ዘንድ ሲሄድ ገንዘቡን ይበላል፤ ሲጠይቅ ተመትቶ አፍንጫው እየደማ ይመለሳል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሐዋላ መምጣቱን የሰማ ጎረቤት ለብድር ደጁን ያጨናንቃል። በመጨረሻ «እኔ ልጨርስልህ» የሚል የተማረ ዘመድ ይመጣል፤ ውክልና ያስፈርመዋል፤ ገንዘቡን ይውጠዋል።

ሴምቤን ያንን ሁሉ መብላትና ማግሣት ያስቀደመበት ምክንያት ያን ሌሊት ገባኝ። ቤቱ ንጉሥ የሆነውን ዲየንግ ካላሳየን በየመስኮቱ ሲዋረድ የምናየው ሰው ምን እንደጎደለበት እንዴት እናውቃለን? እኔ የሳቅኩበት ቦታ የሰውየው የመጨረሻዋ የክብር ሰዓት ነበረች። ወዳጄ ደግሞ በዚያ ጨለማ አዳራሽ ውስጥ፣ በአፉ ለመናገር ያፈረበትን ነገር ሴኔጋላዊው እንዲናገርለት አጠገቤ ተቀምጦ እየጠበቀ ነበር። ፖስታ ቤቱ ጋ ሲደርስ ወደ እኔ ዞር ሊል ነበር። ዞር ሲል ወንበሩ ባዶ ነው። ከዚያ ካፌ መጥቶ ሳቃችንን ሰማ። እኛ እንዳናፍር ብሎ የራሱን ታሪክ «ትንሽ ይረዝማል» አለው።

አይረዝምም። አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው።

አንድ ሰው «አንተ ምን አጠፋህ? ነገሩን መች አወቅህና?» ሊለኝ ይችላል። እውነት ነው፣ አላወቅኩም። ጥፋቴን ራሴ ስፈልገው የማገኘው ከአዳራሹ መውጣቴ ላይ አይደለም። ሰው ይሰለቻል፣ ይደክማል፣ ይወጣል። ጥፋቴ ሠላሳ ደቂቃ አይቼ ስለ አንድ ሰዓት ተኩል መናገሬ ነው። ካፌ ገብቼ «ሰለቸኝና ወጣሁ፤ እሱ ሲመጣ ይነግረናል» ብል ኖሮ ወዳጄ ሲደርስ የሚቀመጥበት ወንበር ብቻ ሳይሆን የሚናገርበት ቦታም ያገኝ ነበር። እኔ ግን በሩን ዘጋሁት። ከዘጋሁት በኋላ ማን ያንኳኳል?

ስለዚህ ጉዳይ ፈላስፎች ብዙ ተከራክረዋል። የስኮትላንዱ ዴቪድ ሂዩም በ1757 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ስለ ጣዕም በሚያትት ጽሑፉ ከዶን ኪኾቴ አንድ ወግ ይጠቅሳል። ሁለት ወይን አዋቂ ናቸው የተባሉ ዘመዳሞች ከአንድ በርሜል ወይን ቀምሰው እንዲፈርዱ ይጠየቃሉ። አንዱ ቀምሶ «ጥሩ ነው፤ ግን ቆዳ ቆዳ ይላል» አለ። ሌላው ቀምሶ «ጥሩ ነው፤ ግን ብረት ብረት ይላል» አለ። ሰዉ ሳቀባቸው። በኋላ በርሜሉ ሲራገፍ ከሥሩ የቆዳ ማንጠልጠያ ያለው አሮጌ ቁልፍ ተገኘ። ሂዩም በዚህ ወግ ሊያሳይ የፈለገው የረቀቀ ምላስ መኖሩን ነው። እኔ ግን ወጉን ባሰብኩ ቁጥር ዓይኔ የሚሄደው ከበቡት ሳቂዎች ላይ ነው። በርሜሉ ሳይራገፍ ስቀዋል። ካፌው ውስጥ የነበርኩት እኔ ነኛ!

ጀርመናዊው ካንት ደግሞ በ1790 እ.ኤ.አ. አንድ የሚጠቅም ልዩነት አበጀ። ሰው ስለ ወይን «ለእኔ ይጣፍጠኛል» ማለት ይችላል፤ ማንም አይከራከረውም። ስለ ሕንፃ ወይም ስለ ግጥም ግን «ይህ ለእኔ ውብ ነው» ቢል ያስቃል ይላል። «ውብ ነው» ካልን ሌላውም እንዲስማማ እየጠየቅን ነው፤ ስለ ራሳችን ምላስ መናገር ትተን ስለ ነገሩ መናገር ጀምረናል። የእኛ ብልጠት እዚህ ላይ ነው። ስንናገር እንደ ዳኛ «ፊልሙ የማይረባ ነው» እንላለን፤ ስንጠየቅ ደግሞ እንደ ወይን ቀማሽ «ለእኔ እኮ ነው፣ የግል አስተያየቴ ነው» እንላለን። በዳኛ ወንበር ተቀምጦ የምስክርን ኃላፊነት እንኳ አለመሸከም! የአገራችን የድሮ ሙግት እንኳ ምስክርን መጀመሪያ የሚጠይቀው ምን እንዳሰበ አይደለም፤ «አይተሃል ወይ? የት ቆመህ?» ተብሎ ነው።

«ታዲያ የማይረባውን ፊልም ሁሉ እስኪያልቅ ተቀምጬ ልየው?» የሚል አንባቢ እንዳለ ይገባኛል። አይደለም። ዕድሜ አጭር ነው፤ መጥፎ ፊልም ደግሞ ብዙ ነው። መውጣት ይቻላል። ከወጡ በኋላ «ሠላሳኛው ደቂቃ ላይ ወጣሁ» ማለት ግን ግድ ይመስለኛል። ይህች አረፍተ ነገር ምንም አታስከፍልም። ቀልድ ግን ታበላሻለች፤ ለዚህ ነው የማንላት።

በሌላ በኩል ያለውንም ልናገር። ከማጣጣል የማይሻል ውዳሴ አለ። «ካን ላይ ተሸልሟል» ሲባል ያልገባውን ፊልም የሚያደንቅ፣ እያዛጋ «እንዴት ጥልቅ ነው!» የሚል ሰው ሞልቷል። እሱም ፋራ እንዳይባል ነው፣ እኔም ፋራ እንዳልባል ነው። አንዱ በሙገሳ፣ አንዱ በሹፈት ተሸሸግን እንጂ የሸሸነው አንድ ነገር ነው፤ «አልገባኝም» የምትለዋን ቃል። ተሰላችቶ ተሰላቸሁ ያለ ሰው ከሁለታችንም ይሻላል።

ይህ ነገር ለእኛ ከሌላው ሕዝብ ይልቅ ሊያሳስበን የሚገባ ይመስለኛል። ምክንያቱም ለቀረው ዓለም እኛም ብዙ ሰው የማያውቀው የባዕድ ቋንቋ ፊልም ነን። ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በ1976 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ፣ በአማርኛ የሚናገር ነበር። ገበሬው ያርሳል። ልጅቷ ከብት ትጠብቃለች። ባለርስቱ ተቀምጦ ይቆጣል። ካሜራው አይቸኩልም። አንድ አውሮፓዊ ሠላሳኛው ደቂቃ ላይ ተነስቶ ካፌ ገብቶ «ሰውየው ያርሳል፣ ያርሳል፣ ያርሳል፤ በአማርኛ!» ቢል ኖሮ ሳቅ አያጣም ነበር። ዕብድ የሚሉት ከበበ ተነስቶ ያን ባለርስት ሲገድል ግን አያይም። ለሰውየው የሦስት ሺህ ዓመት መሰልቸት የሆነችው ነገር ለእኛ የአባቶቻችን ዕድሜ ናት። ደግነቱ የተቀመጡ ሰዎች ነበሩ። «ጤዛ»ም በ2008 እ.ኤ.አ. በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማት ያገኘው አንድ ቃል አማርኛ የማያውቁ ዳኞች ከሥር የተጻፈውን እያነበቡ እስከ መጨረሻው ተቀምጠው ስላዩት ነው። እኛ ለሴኔጋሉ፣ ለኢራኑ፣ ለቬትናሙ ያንኑ ብድር ብንመልስ ምን ይጎድልብናል?

ልጨርስ። በቅርቡ ያ ፍላሽ የሚዞር ወጣት አንድ የኢራን ፊልም ሰጠኝ። በ1987 እ.ኤ.አ. አባስ ኪያሮስታሚ የሠራው፣ «የጓደኛዬ ቤት የት ነው?» የሚባል ነው። አንድ ትንሽ ልጅ የጓደኛውን ደብተር በስሕተት ይዞ ቤቱ ይገባል። ጓደኛው የቤት ሥራውን ደብተሩ ላይ ካልሠራ ከትምህርት ቤት እንደሚባረር መምህሩ አስጠንቅቀዋል። ልጁ ደብተሩን ሊመልስ ይፈልጋል፤ ለእናቱ ይነግራል፣ አይሰሙትም። ለሌሎች ትልልቅ ሰዎች ይነግራል፣ አይሰሙትም። ኮረብታውን ሽቅብ ሮጦ ሌላ መንደር ይሄዳል፤ ቤቱን አያገኘውም። በመጨረሻ ቤቱ ገብቶ የጓደኛውንም የቤት ሥራ ራሱ ይሠራለታል። አለቀ።

ፒያሳ ከቀሩት ካፌዎች በአንዱ ተቀምጠን ወጣቱ ጠየቀኝ። «እሺ ጋሼ፣ እንዴት ነበር?»

ምላሴ ላይ የተዘጋጀች ነገር ነበረችኝ። ልጁ ይሮጣል፣ ልጁ ይሮጣል፣ ልጁ… ዋጥኳት። የዚያ የቆሎው ልጅ ድምፅ መጣብኝ።

«እስከ መጨረሻው አይቼዋለሁ» አልኩት። «መሐል ላይ ግን አንቀላፍቻለሁ። ሽማግሌው አናጢ መጥቶ አብሮት መሄድ የጀመረው እንዴት እንደሆነ አላየሁም።»

ወጣቱ ሳቀ። «እሱ ቦታ እኮ ዋናው ነው ጋሼ» አለና ይነግረኝ ጀመር። ሲነግረኝ ቆይቶ ድምፁ ለወጥ አለ። ከአናጢው ወደ አያቱ ሄደ፤ ከአያቱ ወደ ራሱ ሄደ። ለማንም አልነገርኩም ያለውን አንድ ነገር ነገረኝ። ነገሩ የእሱ ነውና እዚህ አልጽፈውም።

ማኪያቶዬን ገፋ አድርጌ አዳመጥኩት። ትንሽ ረዘመ። እስኪጨርስ ተቀመጥኩ።